ሐበሻ የተባለችው ድመት

እህቶቼ፣ እኔ ጸሐፊ አይደለሁም፤ ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ግን ታሪክ እወዳለሁ። «ከምታውቁት ነገር ጻፉ» ስትሉኝ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። የማውቀው ቤት ማጽዳት፣ የሰው ልጅ ማሳደግና አንዲት ድመት ነው። ስለ ቤት ማጽዳት ለእናንተ ምን እነግራችኋለሁ? ስለዚህ ስለ ድመቷ ልጽፍ ነው። አትሳቁ። መሳቅ ካለባችሁ ጨርሳችሁ ሳቁ።

የምሠራው ዶሃ፣ አል ገራፋ ነው። በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ለዒድ፣ ባባ ለልጆቹ ድመት ገዝቶ መጣ። ማዳም ከኩሽና ጠራችኝና «ነዪ፣ የሀገርሽን ልጅ እዪያት፤ ሐበሺያ ናት» አለችኝ። ሄጄ አየኋት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጆሮዋ ትልልቅ፣ ቀለሟ እንደ ሚዳቋ የሆነ ድመት ናት። ፀጉሯን ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት አንዷ ፀጉር ብቻዋን ሁለት ሦስት ቀለም አላት፤ ከሥር ቀላ ብላ ወደ ጫፉ ትጠቁራለች። በሕይወቴ እንዲህ ዓይነት ድመት ሀገሬ ላይ አይቼ አላውቅም። ዋጋዋን ስሰማ ደግሞ 4 ሺህ ሪያል ነው አሉ። የእኔ ደመወዝ ያኔ 1,200 ነበር። ሦስት ወር ከምናምን ሠርቼ ነው አንዷን የሀገሬን ልጅ የምገዛት ማለት ነው።

እኛ ጋ ድመት የቤት ሠራተኛ ናት። አይጥ ትይዛለች፣ እህል ትጠብቃለች፣ ማታ ምድጃ ዳር ትተኛለች። የተረፈ ካለ ይጣልላታል፣ ከሌለ ራሷ ትፈልጋለች። ስምም የላትም፤ «ውሮ» ነው የምንላት። እዚህ ግን ሥራዋ መተኛት ነው፤ ሠራተኛዋ እኔ ነኝ። አሸዋዋን እለውጣለሁ፣ ፀጉሯን አበጥራለሁ፣ በወር አንዴ ከሾፌሩ ጋር የእንስሳት ሐኪም ዘንድ እወስዳታለሁ። ልጆቹ ሁለት ሳምንት ተጫውተውባት ሰለቹ። እሷም ማን እንደሚያበላት ታውቃለችና ከእኔ እግር አልለይ አለች።

ልጆቹ ስሟን ሉሉ አሏት። በዓረብኛ ሉእሉእ ማለት ዕንቁ ነው። ነዳጅ ከመገኘቱ በፊት ይህ ሀገር የሚኖረው በዕንቁ ነበር። ወንዶቹ በበጋ ለወራት ባሕር ላይ እየቆዩ፣ አፍንጫቸውን ቆንጥጠው፣ እግራቸው ላይ ድንጋይ አስረው እየጠለቁ ነበር የሚያወጡት። ብዙዎቹ ለጀልባው ባለቤት ዕዳ ነበረባቸው፤ ዕዳው ሳያልቅ ሌላ ጀልባ ላይ መሄድ አይችሉም ነበር። ይህን የነገረችኝ የባባ እናት፣ «ዩማ» የምንላት አሮጊት ናት። አባቷ ጠላቂ ነበር። ስትነግረኝ ዝም ብዬ ሰማኋት፤ ውስጤ ግን «ይህንን ነገር የት ነው የማውቀው?» ይላል።

ሉሉ የሚባል ስም ለእኛም አዲስ አይደለም። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ትንሿ ውሻ ስሟ ሉሉ ነበር። በፎቶ ከንጉሡ እግር ሥር ትታያለች። ስትሞት ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ መቃብር ተሠራላት። ንጉሡ ራሳቸው ግን በ1967 ዓ.ም. በእስር እንዳሉ ሲሞቱ መቃብራቸው የት እንደሆነ እንኳ አልተነገረም። ዐፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ በቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ከሲሚንቶ ሥር። በክብር ሥላሴ ካቴድራል ያረፉት በ1993 ዓ.ም. ነው። ውሻዋ መቃብር ነበራት፣ ጌታዋ 25 ዓመት አልነበራቸውም። ታሪክ ሲፈልግ እንዲህ ያደርጋል።

አሁን ወደ መሳቢያው ልምጣ። ማዳም ክፍል ውስጥ ቁልፍ ያለው አንድ መሳቢያ አለ። አንድ ቀን ሉሉን ሐኪም ቤት ልወስዳት ስል ማዳም ከፈተችውና ሰማያዊ ደብተር አወጣች። የድመቷ ፓስፖርት ነው። ፎቶዋ አለበት፣ የተወለደችበት ቀን አለበት፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷ ተጽፎበታል፣ አንገቷ ሥር የተቀበረችው ትንሽ ቺፕ ቁጥርም አለበት። ከደብተሩ ሥር የእኔ ፓስፖርት ተቀምጧል። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው። ማዳም የሷን አውጥታ የእኔ ላይ ቆለፈችበት።

ምን ልበላችሁ፣ ያን ቀን በድመት ቀናሁ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ስልኬን ከፍቼ «ይቺ የሐበሻ ድመት የምትባለው ከየት መጣች?» ብዬ መፈለግ ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ለወራት በየማታው ጥቂት ጥቂት አነበብኩ። ያገኘሁት ነገር ወደ ሀገሬ፣ እንዲያውም ወደ ሰፈሬ መለሰኝ።

እኔ የደቡብ ወሎ ልጅ ነኝ። መቅደላ አምባ ከእኛ አካባቢ ሩቅ አይደለም። የታሪክ አስተማሪያችን ስለ አፄ ቴዎድሮስ ሲያስተምሩን ቆመው፣ እጃቸውን እያወዛወዙ ነበር። እንግሊዞች እስረኞቻቸውን ለማስለቀቅ በጄኔራል ናፒየር መሪነት ወደ 13 ሺህ ወታደርና ከህንድ ያመጧቸውን 44 ዝሆኖች ይዘው ዙላ በምትባል፣ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ባለች የባሕር ዳር ቦታ ወረዱ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ማግስት፣ መቅደላ ተያዘች። ንጉሡም እጅ ከመስጠት ብለው ራሳቸውን ገደሉ። እንግሊዞቹ መጽሐፉን፣ መስቀሉን፣ ዘውዱን፣ ታቦቱን ሰብስበው በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭነው ወጡ። ይህን ሁላችንም ተምረነዋል።

እኔ ያልተማርኩት ድመት እንደነበረችም ነው። ጎርደን ስቴብልስ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1874 ስለ ድመቶች አንድ መጽሐፍ አሳተመ። እዚያ ውስጥ የአንዲት ድመት ሥዕል አለ፤ ስሟ ዙላ ነው። የአንድ መኮንን ሚስት ንብረት እንደሆነች፣ ጦርነቱ ሲያልቅ ከሐበሻ ሀገር እንደመጣች ተጽፏል። እንግዲህ ድመቷ የወደቡን ስም ይዛ ነው የሄደችው። ዛሬ በዓለም ሁሉ «የሐበሻ ድመት» የሚባለው ዝርያ ታሪኩ ሲነገር የሚጀመረው ከዚህች ከዙላ ነው።

ከመቅደላ የሄደች ድመት ብቻ አይደለችም። የንጉሡ ልጅ ዓለማየሁም ተወሰደ። ገና ሰባት ዓመት አልሞላውም። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ አብረው ሲሄዱ መንገድ ላይ ሞቱ። ልጁ ብቻውን እንግሊዝ ገባ። ንግሥት ቪክቶሪያ አዘነችለት፤ አሳዳጊ ተሰጠው፣ ትምህርት ቤት ገባ፣ የእንግሊዝ ልብስ ለበሰ፣ ፎቶ ተነሣ። ፎቶዎቹን አይታችኋቸው ከሆነ ዓይኑን ታስታውሳላችሁ። አንዱም ላይ አይስቅም። እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ በሳንባ በሽታ ሞተና ዊንድዘር ቤተ መንግሥት ያለው ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። በ2007 የኢትዮጵያ መንግሥት ዐፅሙ እንዲመለስ ጠየቀ። በ2023 ደግሞ ቤተሰቦቹ ጠየቁ፤ ቤተ መንግሥቱ የሌሎቹን ዐፅም ሳንረብሽ ማውጣት አንችልም ብሎ መለሰ። ልጁ አሁንም እዚያው ነው።

እህቶቼ፣ ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። ድመቷም ልጁም በአንድ ዓመት፣ ከአንድ ሀገር፣ በአንድ ባሕር ሄዱ። ሁለቱንም የወሰዷቸው ሰዎች እናስባለን፣ እንንከባከባለን ብለው ነው። ሁለቱም በልተዋል፣ ሞቀውም ተኝተዋል። «ምን ጎደለሽ? ትበያለሽ፣ ትጠጫለሽ፣ ክፍል አለሽ» የሚለውን ስሰማ ያ ልጅ ትዝ ይለኛል።

ታሪኩ ግን እዚህ አላለቀም። ሳይንቲስቶች የድመቶችን ዘር በምራቅና በደም ሲመረምሩ የሐበሻ ድመት የሚባለው ከሐበሻ ሀገር ይልቅ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያና ወደ ህንድ ውቅያኖስ ዳርቻ የቀረበ ሆኖ ተገኘ። ሆላንድ፣ ላይደን ከተማ ባለ ሙዚየም ውስጥም እንደሷ ዓይነት ቀለም ያላት፣ ቆዳዋ የተሞላ አንዲት አሮጌ ድመት አለች። ሙዚየሙ የገዛት በ1830ዎቹ ነው፤ መቅደላ ሳትነካ ከሠላሳ ዓመት በፊት ማለት ነው። ጽሑፉ ላይ ያለው ሀገርም ህንድ ነው። የዙላም ሥዕል ቢሆን ዛሬ ያሉትን ብዙም አይመስልም፤ ጆሮዋ ትንንሽ ነው። እንግዲህ ማዳም «የሀገርሽን ልጅ እዪያት» ያለችኝ ድመት የሀገሬ ልጅ ላትሆን ትችላለች። በመርከብ ሲነግዱ የነበሩ ሰዎች ከወደብ ወደብ ይዘዋት የዞሩ፣ መጨረሻ ላይ እንግሊዞች ስም ያወጡላት ስደተኛ ናት።

ስም ማውጣት ላይ እኔም ነገር አለኝ። በዚህ ቤት ስሜ ሳራ ነው። የመጣሁ ቀን እናቴ ያወጣችልኝን ስም ሦስት ጊዜ ሞከሩትና «ከባድ ነው፣ ሳራ እንበልሽ» አሉኝ። ከእኔ በፊት የነበረችውም ሳራ ነበረች አሉ። ከእናንተም መካከል ስንቶቻችሁ ናችሁ ፓስፖርታችሁ ላይ ሌላ፣ ቤት ውስጥ ሌላ፣ እናታችሁ ስትደውል ሌላ የሆናችሁት! ሉሉ ሐበሻ ሳትሆን ሐበሻ አሏት፤ እኔን ሐበሻ ሆኜ ሳለሁ ሳራ አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ብቻችንን ስንሆን «ውሮ» እላታለሁ፤ ትመጣለች።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ቤተሰቡ ለሁለት ወር ለንደን ሊሄድ ተነሣ። እኔና ሉሉ ልንቀር ነው። ማዳም ዕቃ ስናስር «በሩን ከውጭ እቆልፈዋለሁ፤ ምግብ ሞልቼልሻለሁ፤ የባባ ወንድም በየሳምንቱ እየመጣ ያይሻል። ለአንቺው ደኅንነት ነው» አለችኝ። አፌ ደረቀ። ሁለት ወር! እሳት ቢነሣስ? ብታመምስ? በሕጉ፣ በ2017 በወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 15፣ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ዕረፍት እንዳለን ከእናንተ ተምሬ ነበር። ግን በዚያች ሰዓት ሕግ መጥቀስ ከአፌ አልወጣም።

ያወጣችኝ ዩማ ናት። ሶፋው ላይ ሆና መስበሐዋን እየቆጠረች ትሰማ ነበር። ሉሉ ጭኗ ላይ ተኝታለች። ዩማ ድመት ትወዳለች፤ «አቡ ሁረይራም ይወዱ ነበር» ትላለች ሁልጊዜ። ሙስሊም እህቶቼ ታውቁታላችሁ፤ ወሎ ስላደግሁ እኔም ስሙን ከልጅነቴ እሰማለሁ። አቡ ሁረይራ ማለት የድመቷ አባት ማለት ነው። ከየመን፣ ደውስ ከሚባል ጎሣ ነው፤ በሂጅራ በ7ኛው ዓመት ሀገሩን ትቶ መዲና ገባ። ድሃ ስደተኛ ነበር። ቤት ስላልነበረው ከሌሎች ስደተኞች ጋር መስጊዱ ጥላ ሥር ነበር የሚያድረው። ስሙን ያገኘው ፍየል ሲጠብቅ ይዟት በሚዞራት ትንሽ ድመት ነው። ከ5 ሺህ በላይ ሐዲስ ያስተላለፈው ያ ሰው ዛሬም የሚጠራው በእናቱ ባወጣችለት ስም ሳይሆን በድመቷ ነው።

ዩማ ማዳምን አላየቻትም፤ የምታየው ድመቷን ነው። ድመት ቤት ውስጥ ዘግታ ሳታበላት፣ ወጥታም የምድርን ተባይ እንዳትለቅም ሳትለቃት ስለገደለችው ሴት የሚነገረውን ሐዲስ ተናገረች። ሴትዮዋ በዚያ የተነሣ እሳት እንደገባች። ማዳም «ዩማ፣ ምግብ እኮ አስቀምጫለሁ፤ ለድመቷም አለ» አለች። ዩማ «ለድመት አይደለም የምልሽ» አለችና ቆጠራዋን ቀጠለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ባባ መጣ፣ ሰማ፣ ቁልፉን ሰጠኝ። ያን ክረምት ዓርብ ዓርብ እየወጣሁ ነበር እናንተ ጋ የመጣሁት። ነጃማ፣ አሮጌው ኤርፖርት፣ ሱቅ ዋቂፍ ዞርኩ። ሱቅ ዋቂፍ የጭልፊቶቹን ሆስፒታል ካላያችሁ ሄዳችሁ እዩ። ጭልፊት ራጅ ይነሣል፣ የተሰበረ ላባ ይተካለታል። ይህች ሀገር ያለ ጭልፊት አትታሰብም፤ ለጭልፊቱም ፓስፖርት ይወጣለታል፤ ኳታር አየር መንገድ ላይ ሰዎች መሐል ተቀምጦ መሄድም ይችላል። እንግዲህ ፓስፖርት የሌለው ማን ቀረ አልኩ ለራሴ።

መስከረም ላይ ትንሹ ልጅ ያስነጥሰው ጀመር፤ ዓይኑ አበጠ። ሐኪሙ ከድመቷ ፀጉር ነው፣ አለርጂ ነው አለ። በሦስተኛው ቀን ሉሉ አል ወክራ ላለች የማዳም አክስት ልትሰጥ ተወሰነ። ማዳም መሳቢያውን ከፍታ ሰማያዊውን ደብተር አወጣች፤ «ካለ ይኼ ሐኪም አያያትም፤ ከድመቷ ጋር መሄድ አለበት» አለች።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ «ማዳም፣ የእኔም ከእኔ ጋር መሆን አለበት» አልኳት። ዞር ብላ አየችኝ። «ለምን? ልትጠፊ ነው?» አለች። «ልጠፋ አይደለም። ኮንትራቴን እጨርሳለሁ። ግን የእኔ ነው» አልኳት። የ2015ቱን ሕግ ቁጥር 21 እናንተ ጋ ስለሰማሁ ነው አፌን የከፈትኩት፤ አሠሪ የመኖሪያ ፈቃዱን ከጨረሰ በኋላ ፓስፖርቱን ለባለቤቱ ይመልሳል፤ እኔ ራሴ በጽሑፍ «አስቀምጡልኝ» ካላልኩ በቀር። ቅጣቱም እስከ 25 ሺህ ሪያል ይደርሳል። ቅጣቱን ግን አልጠቀስኩም፤ ላስፈራራት አልፈለግሁም። ያን ቀን ቆለፈችና ወጣች። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። እኔም ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቡና ሳቀርብ ባባ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦልኝ አገኘሁት። ስለ እሱ አንድም ቃል አልተነገረም። አነሣሁትና ወጥቤት ገብቼ ገለጥኩት። ፎቶዬን አየሁ። ስሜንም አነበብኩ፤ ሙሉውን፣ ከነአባቴ ከነአያቴ።

ለሁሉም እንዲህ አይሆንም። ጠይቃ የተደበደበች፣ ጠይቃ የተባረረች እህት እንዳለች አውቃለሁ። የእኔ ቤት ዩማ ነበረችበት። ስለዚህ ከመጠየቃችሁ በፊት የፓስፖርታችሁንና የመታወቂያችሁን ፎቶ ስልካችሁ ላይ ያዙ፣ ለአንድ ለምታምኗት እህት ላኩ፤ ብቻችሁን አትሁኑ።

ስለ ድመትም ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችሁ መንገድ ላይ ያለችውን እያበላችሁ እንደሆነ አይቻለሁ። ውኃ ማስቀመጥ፣ የተረፈ ዓሣ መስጠት ጽድቅ ነው፤ በዚህ ሙቀት ውኃው ከምግቡ ይበልጣል። ጆሮዋ ጫፉ የተቆረጠ ካያችሁ ማንም አልጎዳትም፤ እንዳትወልድ ታክማ የተለቀቀች ናት። ከነከሰቻችሁ ወይም ከቧጨረቻችሁ ግን በሳሙናና በውኃ ደጋግማችሁ ታጠቡና ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ «ትንሽ ነው» አትበሉ። ክፍላችሁ ውስጥ ለማሳደግ ካሰባችሁ ደግሞ አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ኮንትራቴ ሲያልቅ፣ ወይም በአንድ ሌሊት ቤት ብቀይር፣ ማን ይወስዳታል? መልስ ከሌላችሁ ውጭ አብሏት እንጂ ቤት አታስለምዷት። እኛ ተለምደን መጣል ምን እንደሆነ እናውቃለን።

ለዘንድሮው ዒድ አል ወክራ ሄደን ነበር። ሉሉን አየኋት፤ ወፍራለች። እዚያ ያለችው ሠራተኛ የኬንያ ልጅ ናት፤ ሌላ ስም አውጥታላታለች። «ውሮ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሶፋው ሥር ገባች። ረስታኝ ይሁን ተቀይማኝ አላውቅም። የኬንያዋ ልጅ ስትጠራት ግን ወጣች፤ ደብተሯ የት እንደሚቀመጥ ጠየቅኋት፣ «እኔ ጋ ነው» አለችኝ። «ያንቺስ?» አልኳት። ዝም አለች። ስልክ ቁጥሬን ሰጠኋት፤ በሚቀጥለው ዓርብ ከቻለች ይዣት እመጣለሁ።